ስድስት አባት ቈጥራ የመጣችው

«አንተ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከሞተብኝ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚያውቀኝ ሁሉ «እርስዎ» ይለኛል። ሚስቴ እንኳ ነፍሷን ይማርና አብራኝ በኖረችበት ዘመን ሁሉ «እርስዎ» እንዳለችኝ ነው የሄደችው። አክብሮት ነውና አልከፋኝም። ይሁን እንጂ በአክብሮት ብቻ ተከብቦ የሚኖር ሰው፣ ከሰው ሁሉ አንድ ክንድ ርቆ እንደ ተቀመጠ ነው የሚኖረው። ስለዚህ በዚያች የጥቅምት ቅዳሜ፣ ከደጃፌ ፀሐይ እየሞቅሁ ዳዊቴን ስደግም፣ አንዲት እንግዳ ሴት ከፊቴ ቆማ «አንተ አጎቴ ነህ?» ስትለኝ፣ ቶሎ መልስ አልሰጠሁም። ከጥያቄዋ አስቀድሞ ልቤን የነካው ያ «አንተ» የሚለው ቃል ነበረና።

አስቀድሜ ማን እንደ ነበርሁ ልናገር። ከወረታ ብዙ በማይርቀው በቁሐር ሚካኤል፣ በፎገራ ሜዳ ላይ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ወጣሁ፤ ድጓ ተምሬ ተመለስሁና መምህር ሆንሁ። ልጅ አልወለድሁም። ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ወደየከተማው ሄዱ፤ ዐይኔም ደከመ። አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ዓለሙ ይባላል። በደርግ ጊዜ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። ከዓመታት በኋላ ከዚያ የተመለሰ ሰው «በበረሃ ውኃ ጥም ገደለው» ብሎ ነገረን። አለቀስን፤ ተዝካሩንም አወጣን። ፍትሐቱን ያደረስሁት እኔው ራሴ ነበርሁ።

ከዘመድ የቀረኝ ደሴ ነበር። ደሴ ከእኔ በዕድሜ ጥቂት ያንሳል፤ እርሻው ከደጄ ፊት ለፊት ነው፤ አራት ትውልድ ወደ ላይ ስንቈጥር ከአንድ አባት እንገናኛለን። በየዕለቱ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ከመንገዱ ዳር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር። ስለ ሩዙና ስለ ከብቱ እሱ ያወራል፤ እኔ እሰማለሁ። ያን ጊዜ ከሰው የቀረኝ ሀብት ይኸው ነበር።

ወደ እንግዳዪቱ ልመለስ። ያመጣት ባለ ባጃጅ ከኋላዋ ቆሞ ይስቃል። «የኔታ፣ እንግዳ አምጥቼልዎታለሁ። ሻንጣዋ ከእሷ ይረዝማል፤ ግማሹ በመስኮት ወጥቶ ነው የመጣነው!» አለ።

ረጅም ናት፤ መልኳ የእኛንም የፈረንጁንም ይዟል፤ በጆሮ ግንዷ በኩል ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል።

«ሐና ነኝ» አለች። «የዓለሙ ልጅ። የዓለሙ ፈንታ።»

«ልጄ፣ ዓለሙ ፈንታ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። ፍትሐቱን ያደረስሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም ቀበርኩት» አለች፣ ቃል እየፈለገች። «አምና። በበረዶ ጊዜ። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ በማሽን ነው የቈፈሩት።»

አስቀመጥኋት፤ ውኃ ሰጠኋት፤ ነገሯን ሰማሁ። አባቷ ከሱዳን ወደ ኖርዌይ መሻገሩን፣ የዚያን አገር ሴት ማግባቱን፣ እሷም አንድ ልጁ ብቻ መሆኗን ነገረችኝ። አማርኛን ከአባቷ ብቻ ስለ ተማረች፣ ለሰው ሁሉ አባቷን እንደምታናግረው ነበር የምታናግረው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወዳደርበትን ስፖርት ልታስረዳኝ ብዙ ደከመች። በበረዶ ላይ ነው፤ ከእግር በታች ቀጭንና ረጅም ጣውላ ታስሮ፣ በሁለት ዘንግ መሬቱን እየገፉ፣ ዳገት ቍልቍለቱን የሚሄዱበት ሩጫ ነው።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?» አልኋት።

«አርባ።»

«በአርባ ዓመትሽ ትሮጫለሽ?»

«አርባ መሆኔን እግሬ ገና አልሰማም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች፦ «አባቴ እያንዳንዱን ውድድር መጥቷል። ሌሎች ሰዎች መጨረሻው ላይ ይቆማሉ። እሱ ዳገቱ ላይ ብቻውን ይቆማል። ‹በርቺ! በርቺ!› ይላል። እዚያ ያሉ ሰዎች ስሜ በርቺ ይመስላቸዋል። አሁን ዳገቱ ላይ ማንም የለም። በሌላ አገር ማልያ ብዙ ሮጫለሁ፤ አንድ ጊዜ በእሱ አገር ማልያ ልሩጥ። ከዚህ ዓመት በኋላ አልችልም፤ ጉልበቴ አለቀ።»

የሚያስፈልጋት ነገር ይህ ነበር፦ ከአባቷ ወገን የሆኑ ሦስት ሽማግሌዎች ሰኞ ዕለት ወረታ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ቀርበው «ልጃችን ናት» ብለው እንዲመሰክሩላት። በማግስቱ አውሮፕላኗ ይሄዳል፤ በዚያው ሳምንት የውድድሩ ምዝገባ ይዘጋል። ካልተመሰከረላት በኢትዮጵያ ስም መሮጧ በዚያው ይቀራል።

እውነቱን ልናገር፤ አላመንኋትም። በእኛ አገር የመሬት ነገር ሲነሣ ያልነበረ ዘመድ ከየትም ይበቅላል፤ እንዲህ ያለውን ብዙ አይተናል። ፊቷን ደጋግሜ አየሁት። የወንድሜን መልክ ፈለግሁ፤ የደከመ ዐይን ግን የፈለገውን ሁሉ ያሳያልና በዐይኔ መማል አልፈቀድሁም። ሳያውቁ መማል በእግዚአብሔር ስም መዋሸት ነው።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይጠይቁሻል» አልኋት። «እኔም አብሬ እሰማለሁ።»

ከሰዓት በኋላ «ልምምዴን ማቋረጥ አልችልም» ብላ ከረጅሙ ሻንጣ ጎማ ያላቸው ሁለት አጫጭር ጣውላዎች አወጣችና ወደ አስፋልቱ ሄድን። ከጫማዋ ጋር አገናኘቻቸው፤ ዘንጎቿንም ያዘች። መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

ሣር የተሸከመች ሴት «ወይ ጉድ! እግሯን ከጣውላ ጋር ሰፍተውባት ነው?» አለች።

አንድ ባለ ባጃጅ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶ «እማሆይ! መቋሚያሽን ሁለት ያደረገብሽ ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም፣ ቀልዱ ባይገባትም፣ አብራ ሳቀችና መሬቱን ገፋች።

እኔ አልሳቅሁም። መቋሚያ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝና የዘንጓን አነሣስና አጣጣል ተመለከትሁ። ቀኝና ግራዋ ይቀባበላሉ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል፤ ትከሻዋ ዜማ እንዳለው ሰው ይወዛወዛል። ከዚያም ራቀች። ውኃው ገና ያልደረቀለት የፎገራ ሜዳ ከግራና ከቀኝ ተዘርግቶ፣ እሷ በመካከሉ እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። የሚቀልድባትም የሚያደንቃትም ወደ ኋላ ቀረ። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ያን ያህል ብቻውን የሆነ ፍጡር ከዚያ በፊት አላየሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ተሰበሰብን። ለምስክርነት የሚበቁ የአባት ወገኖች ሦስት ብቻ ነበርን፦ እኔ፣ ደሴ፣ እና አያ ማሬ የሚባል ሽማግሌ። አያ ማሬ ደሴ ያለውን ነው የሚለው፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በደሴ እጅ ነበር። ጎረቤቱም ለወሬ ተሰብስቧል።

«ልጄ» አለ ደሴ፣ «ክፉ ሰው አትመስይም። ግን ዛሬ ዘመድ ነኝ ባይ በዛ። በእኛ አገር ሰው ዘሩን የሚያሳውቅበት አንድ መንገድ አለ። ጋብቻ ሲታሰብ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሰባት አባት ይቈጠራል። ሕፃን ሳለን ነው የምናጠናው። አባትሽ ዓለሙ ከሆነ አስቈጥሮሻል። እስቲ ቍጠሪ።»

ፊቷ በራ። «ይሄን አውቃለሁ!» አለች። «በመኪና ወደ ውድድር ስንሄድ ያስቈጥረኝ ነበር።» ከዚያም እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች፤ በጣቶቿም ቈጠረች፦

«ሐና፣ ዓለሙ፣ ፈንታ፣ መኰንን፣ ንጉሤ፣ ወሰን፣ ገላው። ሰባት!»

አያ ማሬ ሳቁ ቀደመው።

«ራሷን አባት አደረገች እኮ!»

«ሐና ምንሽ ናት?» አለ ደሴ። «አያትሽ ናት? ሰው አባቶቹን ሲቈጥር ከራሱ ይጀምራል እንዴ? የቈጠርሽው ስድስት ነው። አንድ አባት የት ጣልሽ? ከመኰንን በላይ ማን አለ?»

«ንጉሤ።»

«አይደለም።»

«ንጉሤ ነው» አለች። «አባቴ እንደዚህ ነው ያስተማረኝ።»

«እንግዲያው ያስተማረሽ ሰው ከውጭ የሰማ ነው። የመኰንን አባት ቢያድግልኝ ነው፤ ይህን የማያውቅ የፈንታ ቤት ልጅ የለም። ስደተኛ ለስደተኛ ብዙ ነገር ያወራል፤ ምናልባት አባትሽ ከዓለሙ ጋር በበረሃ አብሮ የነበረ ሌላ ሰው ይሆናል። አልፈርድበትም። እኛ ግን አንማልም።»

ሰዉ ተበተነ። ሐና ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ሰዓት የሆንሁትን እንድትረዳልኝ ከሰው የተሰወረውን ነገር መናገር ይኖርብኛል። ደሴ «የፈንታ ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል» ያለው ስም በፈንታ ቤት ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። እኔና ዓለሙ አባት ስንቈጥር ከመኰንን ወደ ንጉሤ እንድንዘል፣ ቍጥሩም እንዳይጐድል ከራሳችን ስም እንድንጀምር ነበር የተማርነው። ከቤታችን ጣሪያ ውጭ እንዲህ የሚቈጥር ሰው በዓለም ላይ የለም። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ «አይደለችም» ያሉባት ስሕተት፣ የወንድሜ ልጅ መሆኗን ያለ ጥርጥር ያረጋገጠልኝ እሱው ነበር። ወንድሜ በበረሃ አልሞተም። በሩቅ አገር፣ በበረዶ መካከል መኪና እየነዳ፣ የአባታችንን ቤት አቈጣጠር ለልጁ ሲያስጠና ኖሯል። ደስ አለኝ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ፤ «ልጃችን ናት» ለማለት ስሙ ለምን እንደሚዘለል መናገር አለብኝና።

ምክንያቱን ዓለሙ አያውቅም ነበር። የሚነገረው ለበኵር ልጅ ብቻ ነው፤ አባቴም ሊሞት ሲል ነገረኝ። ንጉሤ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ቢያድግልኝና አስረስ። አስረስ የደሴ ቅድመ አያት ነው። ሁለቱ ሐይቁ ሲሸሽ በሚገለጠው መሬት ተጣሉ። በጉማራ ወንዝ ዳር ቢያድግልኝ ወንድሙን በዱላ መትቶ ጣለው፤ ወንዙም ሙሉ ነበርና ወሰደው። «ወንድሜን ውኃ ነጠቀኝ» እያለ አለቀሰ፤ አገሩም አብሮት አለቀሰ። ሊሞት ሲል ለሚስቱ ተናዘዘ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይህ ስም በምድጃዬ ዙሪያ አይጠራም» ብላ አወገዘች። አባቴ ሲነግረኝ «ደሙ እስኪበርድ በሆድህ ይሁን» ብሎኝ ነበር። በእኛ አገር ደም መች እንደሚበርድ ግን ማንም አልነገረኝም።

ሐናን ወደ ወረታ፣ ወዳረፈችበት ሸኘኋት። «ሰኞ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ጠብቂኝ» አልኋት እንጂ ሌላ አልጨመርሁም። ተመልሼ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ብቻዬን ተቀመጥሁ። «ልጅቱ ረስታ ነው» ብል ይቻል ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ ውሸት ነው። ዝም ብል፣ ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ መቅበሬ ነው። ብናገር ደግሞ በዚህ ምድር አጠገቤ የሚቀመጠውን አንድ ሰው አጣለሁ፤ ወይም ከዚያ የከፋ ይመጣል። ጸለይሁ። መልስ ሰማሁ አልልም። ተነሣሁና ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቼ በትከሻዬ ተሸከምሁ። ይቅርታ የሚለምን ሰው በባለ ደሙ ደጅ የሚቆመው እንዲሁ ነው። በሽምግልና ብዙ ሰው አሸክሜያለሁ፤ ክብደቱን ግን እስከዚያ ቀን አላውቀውም ነበር።

ደሴ ከግቢው ተቀምጦ ለበሬዎቹ ገመድ ይገምዳል።

«ደሴ!»

«የኔታ? ይግቡ እንጂ! ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ይህ ድንጋይ ምንድን ነው? ሰው አየኝ! ያውርዱት!»

«ከሰማኸኝ በኋላ አውርድ ካልኸኝ አወርደዋለሁ።»

«ለልጅቱ ነው? ስለ ልጅቱ ብለው ነው? በድንጋይ አያስገድዱኝ፣ የኔታ፤ እንዲህ አይደረግም!»

«ስለ ልጅቱ አይደለም፤ ስለ አስረስ ነው።»

«የቱ አስረስ?»

«ያንተው። የአያትህ አባት።»

«ውኃ የወሰደው?»

«ውኃ አልወሰደውም፣ ደሴ።»

ነገርሁት። እንደ ቆምሁ፣ ምንም ሳልቀንስ፣ ለገዳዩም ምክንያት ሳልፈልግለት፣ ስሙ በቤታችን ለምን እንደሚዘለልም ጭምር ነገርሁት። እጁ ገመዱ ላይ ቆመ።

«ታረቀ የሚባለው አያቴ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ጉማራን በተሻገረ ቍጥር ይራገመው ነበር። ‹አባቴን በልተሃል፤ ልጆቼን አትመኝ› እያለ ድንጋይ ይወረውርበት ነበር። እኛም ልጆች ሳለን ስንሻገር እንወረውር ነበር።» ገመዱን ከእግሩ ሥር ጣለና «ለካ ወንዙ ንጹሕ ኖሯል» አለ።

«ንጹሕ ነው።»

«እርስዎ ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«አባቴ ካረፈበት ቀን ጀምሮ።»

«እንግዲህ ማታ ማታ አብረን ስንቀመጥ ሁሉ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ከግድያው ነገር ይልቅ ይህ እንደ ጐዳው ከፊቱ አየሁ።

«ድንጋዩን ያውርዱ» አለ። «ለሽበትዎ ብዬ ነው፤ ለነገሩ አይደለም።»

«ነገ ወረታ ትመጣለህ?»

«አላውቅም። አሁን ይሂዱልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ቆምን። ሐና ያን ረጅም ሻንጣ ተደግፋ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዳትን መኪና ታያለች፤ ሾፌሩም «እንሂድ» እያለ ደጋግሞ ጥሩንባ ይነፋል። አያ ማሬ መጥቶ ነበር፤ ምክንያቱን ግን በግልጽ ነገረኝ፦ «የኔታ፣ ደሴ ካለ አለሁ፤ ደሴ ከሌለ የለሁም። እኔን አይዩኝ።»

«ይመጣል?» አለችኝ ሐና።

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«ካልመጣ እንኳ» አለች፣ «እዚህ መጣሁ። ቤቱን አየሁ። መንገዱን አየሁ።» እንዲህ ስትል እጆቿ የሻንጣውን ማሰሪያ ደጋግመው ያጠብቁ ነበር፤ ቃሏና እጇ አልተስማሙም።

ፀሐይ ከፍ ብላ ተስፋ በቈረጥንበት ሰዓት ደሴ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ከሩዝ ማሳው በቀጥታ መምጣቱ ነው። ሰላም አላለኝም። በአጠገቤ አልፎ ገባ፤ እኛም ተከተልነው።

ጸሐፊው በመጀመሪያ እሱን ጠየቀ። «አባቴ፣ ይችን ሴት ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። «ከትናንት ያወቋትን ሴት የዓለሙ ፈንታ ልጅ መሆኗን በምን ያረጋግጣሉ?»

«የደመኛዬ ዘር ናት» አለ ደሴ። «ሰው ደመኛውን አይስትም።»

«አባቴ፣ ይህ በምስክርነት ቃል የሚጻፍ ነገር አይደለም» አለ ጸሐፊው።

«እንግዲያው የንጉሤ ዘር ናት ብለህ ጻፍ። ንጉሤ የእኔም አባት ነው።»

አያ ማሬ ወዲያው «የእኔም ነው!» አለ። እኔም የበኩሌን ተናገርሁ፤ ማልሁም።

ሐና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ደመኛ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አንዱ የዘመድ ዓይነት ነው» አልኋት።

ከደጅ ስንወጣ የደሴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ጭቃውን ፈርቶ ቶሎ ብድግ አደረጋትና፣ ምን እንደሚላት ቸግሮት፣ «በቃ፣ በርቺ» አላት። ይህን ሲላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስቅ ስቅ ብላ አለቀሰች።

ደሴ ግራ ገባው። እኔን አልጠየቀም፤ ወደ አያ ማሬ ዞረና «ምን አልኋት? ክፉ ተናገርሁ?» አለ።

መኪናው ሊነሣ ሲል የተዘለለውን አባቷን ነገርኋት። ከእንግዲህ ስትቈጥር ከራሷ እንዳትጀምር፣ ከመኰንን በላይ ቢያድግልኝ የሚባል እንዳለ፣ ምን እንዳደረገም ነገርኋት።

«ገዳይ ነው?» አለችኝ።

«ገዳይ ነው፤ አባትሽም ነው» አልኋት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ሄደች።

ደሴ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ምስክርነቱን ሰጥቻለሁ» አለኝ። «የልጅቱ ጥፋት አይደለም። ደም ለመመለስም የሚነሣ የለም፤ ለልጆቼም ይህንኑ ነግሬያለሁ። ሰላምታውን ግን አሁን አይጠይቁኝ፣ የኔታ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ከመንገዱ ዳር ካለችው ድንጋይ ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ሩዙ ታጨደ፤ ተወቃ። ደሴ በደጄ በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ ተነሥቼ «እንደምን አደርህ» እለዋለሁ፤ እሱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። በዚያ ዓመት የነበረውን ምሽት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ድሮም ብቸኛ ነበርሁ፤ ነገር ግን ድሮ የሚመጣ ሰው ነበረኝ።

ውድድሩ በየካቲት ነበር። ሐና ቀኑን በስልክ ነግራኝ ስለ ነበር ወረታ ወርጄ ጨርቅ ከሚሸጡት ከወዳጄ ከሐጅ ሰዒድ ሱቅ ገባሁ። ስልካቸውን ከጥቅል ጨርቅ ላይ አስደግፈው ከፈቱልኝ። ሁሉ ነገር ነጭ ነው።

«ያ ረቢ!» አሉ ሐጅ። «የኔታ፣ እኛ አንድ ኩንታል ጨው ለማምጣት ወገባችን ይቈረጣል፤ እነዚህ አገሩን ሙሉ አፍስሰውታል!»

«በረዶ ነው፣ ሐጅ።»

«ይብላኝ ለእግራቸው! ልጅዎ የቷ ናት?»

አላየኋትም። ሥዕሉ የሚያሳየው ከፊት ያሉትን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከስሞቹ ግርጌ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነች ጠባብ ምልክት ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ሐጅ በጣታቸው «ያቻት!» እስኪሉ ድረስ አልፋለች። አንደኞቹ ገቡ፤ ተቃቀፉ፤ ሰው አጨበጨበ፤ ሥርጭቱም ተቋረጠ። የወንድሜ ልጅ ግን ገና በመንገድ ላይ ነበረች። ሐጅ ወንበር ሲያቀርቡልኝ እንቢ አልሁ። ስልኩ እስኪጠራ ድረስ እንደ ቆምሁ ጠበቅሁ።

«ጨረስኩ» አለች፤ ትንፋሿ ይቈራረጣል።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«ከመጨረሻ ሦስተኛ።»

«እሰይ!» አሉ ሐጅ ከጎኔ። «ሁለት ፈረንጅ ከኋላዋ ጥላለች!»

ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። «አጎቴ፣ ዳገቱ ላይ ማንም አልነበረም።»

«እኔ ነበርሁ ብልሽ እዋሻለሁ» አልኋት። «ወረታ፣ ሱቅ ውስጥ ነበርሁ። ግን አልተቀመጥሁም።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ገጠመኝ ምን እንዳተረፍሁ ብትጠይቁኝ፣ ትርፉን ከኪሳራው ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። በሸመገልሁበት ዘመን ልጅ አገኘሁ፤ ልጄ ግን ባሕር ማዶ ናት። በሆዴ የነበረውን ሸክም አወረድሁ፤ ከአጠገቤ የነበረውን ሰው ግን አጣሁ። ቀድሞ፣ ስሙን ባለመጥራታችን የምናፍርበትን ነገር የተውነው ይመስለኝ ነበር። አሁን የማየው ሌላ ነው፤ እኛ ያንን ስም በዘለልን ቍጥር፣ በደል የደረሰበት ወገን ምንም ያላጠፋን ወንዝ ሲረግም ኖሯል። በቤታችሁ የሚዘለል ስም ካለ፣ የዝምታችሁን ዕዳ ማን ተሸክሞላችሁ እንደሚኖር እባካችሁ መርምሩ። እኔ አሁን በጸሎት ጊዜ ቢያድግልኝንም አስረስንም እጠራለሁ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መጥራት ገና ይከብደኛል።

በዚያው የውድድሩ ዕለት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ከወረታ በእግሬ ተመለስሁ። ደሴ በማሳው ዳር በሬዎቹን ያሰማራ ነበር። እንደ ልማዴ ቆሜ «እንደምን ዋልህ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት እንደ ተራመድሁ ግን ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁ።

«ጨረሰች?»

ዞርሁ። እሱ ወደ እኔ አያይም፤ በሬዎቹን ነው የሚያየው።

«ጨረሰች» አልሁት።

«ስንት ሰው ቀደመች?»

«ሁለት።»

ጥቂት አሰበ። «ሁለትም ሰው ነው» አለና በሬዎቹን ነድቶ ሄደ።